ድንጋዩ «ተቀመጥ» ይላል

«ተረት ተረት!»

«የመሰረት!»

ቆይ፣ ቆይ። ገና አፌን ሳልዘጋ ነው «የመሰረት» ያላችሁት። ሰምታችሁኝ ነው ወይስ ለምዶባችሁ? እናንተኮ «ቤታችሁ ተቃጠለ!» ብዬ ብጮህም «የመሰረት» ሳትሉኝ አትቀሩም። በሉ እንደገና። አሁን ጆሯችሁ ይቅደም፣ አፋችሁ ይከተል።

«ተረት ተረት!»

«የመሰረት!»

ደግ።

በድሮ ጊዜ፣ ትምህርት ቤት የሚወድ አንድ ንጉሥ ነበረ። ልብ በሉ፣ ትምህርት የሚወድ አላልኩም። የሚወደው ትምህርት ቤቱን ነው። ከትምህርት ቤቱም የሚወደው ጩኸቱን ነው። ከቤተ መንግሥቱ አጥር ጎን አሠራውና ጠዋት ጠዋት ሰገነቱ ላይ ተቀምጦ የልጆቹን ድምፅ ይሰማል። ሲጮኹ ደስ ይለዋል። በዜማ ሲጮኹ የበለጠ ደስ ይለዋል። ዝም ካሉ ግን «ምነው፣ ዛሬ ትምህርት የለም እንዴ?» ብሎ አሽከር ይልካል።

መምህሩ የኔታ ወንዳፍራሽ ይባላሉ። የሚያስተምሩት ፊደል ቆጥረው የጨረሱትን፣ ከፍ ከፍ ያሉትን ልጆች ነው። ማንበብና መጻፍ እንዲያጠነክሩላቸው ነበር የተቀጠሩት። አስተማመራቸው እንዲህ ነው። አንድ መስመር በጩኸት ያነባሉ፤ ልጆቹ በጩኸት ይደግማሉ። ሳይደናቀፍ የጮኸ ጎበዝ ይባላል። ሳይተነፍስ የጮኸ ደግሞ የክፍል አለቃ ይሆናል። ለማንበብ የተጠራ ልጅ ብድግ ብሎ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ እንደ ዘበኛ ቀጥ ይላል። «ንባብ በመቆም ነው!» ይላሉ የኔታ። ለምን በመቆም እንደሆነ የሚያውቅ የለም። የጠየቀ ኩርኩም ይቀምሳል።

ጽሕፈቱማ አይነሳ። የኔታ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ይጽፋሉ፣ ልጆቹ ይገለብጣሉ። ከግርጌው የኔታ «እንዳይጠፋ» ብለው ለሰሌዳ ጠራጊው ልጅ ትእዛዝ ይጽፋሉ። ልጆቹ እሱንም ይገለብጡታል፤ አሳምረው፣ በቀይ ቀለም አስምረው። ንጉሡ ሊጎበኝ ሲመጣ ታዲያ ሁሉም በአንድ ድምፅ ያነቡለታል። «የአገራችን ወንዞች ብዙ ናቸው። ወንዞቻችን ወደ ታች ይፈሳሉ። እንዳይጠፋ!» ንጉሡም ምርቃት እየመሰለው «አሜን!» ይላል።

በዚያ ክፍል ውስጥ ሁለት የአንድ እናት ልጆች ነበሩ። ታላቅየው ይርዳው ይባላል። የክፍሉ አለቃ እሱ ነው። አራት ነጥብ እንኳ አያስቆመውም። ታናሽየዋ አትጠገብ ትባላለች። እሷ የክፍሉ ጭራ ናት። አንድ ዐረፍተ ነገር ታነብና ዝም ትላለች። ዓይኗን ጨፈን አድርጋ ያነበበችውን ነገር ታየዋለች። አንድ ቀን «በሬው ገደል ገባ» የሚል መስመር ደረሳት። አነበበችና ዝም አለች።

«የኔታ፣ በሬው ሞተ?» አለች።

ክፍሉ በሳቅ አውካካ።

«የበሬው ነገር አንቺን ምን አገባሽ? ቀጥዪ!» አሉ የኔታ። ኩርኩሙም አብሮ ወረደ።

«ባለቤቱስ አሁን በምን ያርሳል?»

ሁለተኛ ኩርኩም ወረደ። የበሬውን ነገር እስከ ዛሬ የነገራት ሰው የለም።

ከዕለታት አንድ ቀን የከተማው ሰው እንስራውን ይዞ ምንጭ ቢወርድ ምንጩን አጣው። አንድ ጭራቅ ተቀምጦበታል። ጭራቁ ጎጆ ቤት ያህላል። ጥፍሩ ማረሻ ነው። ከፊቱ አንድ ትልቅ ጠፍጣፋ ድንጋይ ተክሏል፤ ወደ ጭራቁ በዞረው የድንጋዩ ፊት ላይም ጽሑፍ ተቀርጿል።

«ከመካከላችሁ ይህን ድንጋይ የሚያነብ ካለ ምንጩን እለቃለሁ» አለ ጭራቁ። «አንብቦ ያላነበበ ግን የኔ ነው።»

ይህ ለንጉሡ ተነገረው። ንጉሡ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ንባብ? በንባብ ነው የመጣብኝ? በጦር ቢመጣ እፈራው ነበር!» አለ።

አሽከሮቹ ዙፋኑን ተሸክመው ምንጩ ዳር አደረሱለት። ንጉሡ ተቀመጠ። መኳንንቱ በግራ በቀኝ ቆሙ። ሕዝቡም ቆመ። በዚያ አገር ንጉሥ ፊት የተቀመጠ ሰው አንገቱ ትከሻው ላይ አያድርም። ጭራቁ ግን እንደተቀመጠ ነው። እሱንማ ማን ደፍሮ ያስነሳዋል?

የኔታ መጀመሪያ የቢትወደዱን ልጅ አምደወርቅን ላኩ። ድምፁ ማር ነው። ድንጋዩ ፊት ደረቱን ነፍቶ ቆመና በዜማ አነበበ።

«ይህን ድንጋይ የምታነብ ሆይ፣ ተቀመጥ። ቆሞ ያነበበኝ በቀቀን ይሁን።»

አንድ ፊደል አልሳተም። ሕዝቡ አጨበጨበ። አምደወርቅ እንደቆመ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ። ጭራቁ «እፍ!» አለበት። ልጁ አረንጓዴ በቀቀን ሆነና ድንጋዩ አናት ላይ ዐረፈ። በቀቀን ታውቃላችሁ? የሰማችውን የምትደግም፣ የደገመችውን የማትሰማ ወፍ ናት።

ሕዝቡ ነገሩ እስኪገባው ድረስ ማጨብጨቡን ቀጠለ።

እናንተ፣ ዝም በሉ! ገባን ልትሉኝ ነው አይደል? እነሱ ግን አልገባቸውም። ንጉሡ ሰማ፣ መኳንንቱ ሰሙ፣ ሕዝቡ ሰማ። ቃሉ በአንድ ጆሯቸው ገብቶ በሌላው ወጣ።

«ልጁ ምን አጠፋ?» አለ ንጉሡ።

የኔታ ጢማቸውን አሻሹ። «ንባቡ እንከን የለውም፣ ጃንሆይ። ድምፁ አንሶ ይሆናል» አሉ።

በማግስቱ ድምፅ ያላት ልጅ ተመረጠች። ስንዱ ትባላለች። እሷ ስታነብ የሌላ ቀበሌ ውሻ ይጮኻል። ቆመች። ጮኸች። «ተቀመጥ!» ስትል ከምንጩ ዳር ዛፍ ቅጠል ረገፈ። ራሷ ግን አልተቀመጠችም። ጭራቁ «እፍ!» አለባት። ቀይ በቀቀን ሆነች።

«ድምፅስ ነበራት» አለ ንጉሡ።

«ነበራት፣ ጃንሆይ። ፍጥነት ነው ያነሳት» አሉ የኔታ።

በሦስተኛው ቀን ይርዳው ተጠራ። ፍጥነት ከተባለ ከሱ በላይ ማን አለ? እናቱ ወይዘሮ ስንቅነሽ ጋቢውን አስተካክላ ሸኘችው። አትጠገብ እጁን ያዘችው።

«ወንድምዬ፣ ዛሬ እንኳ ቀስ ብለህ አንብብ» አለችው።

«ቀስ ማለት የሰነፍ ነው!» አላትና እጁን መነጨቃት።

ሄዶ ቆመ። በአንድ ትንፋሽ አነበበው። «በቀቀን ይሁን» የሚለውን ጨርሶ አየር ሳይስብ ራሱ ቢጫ በቀቀን ሆነ።

የከተማው ሰው ውኃ ጠማው። የኩሬ ጭቃ እያጠለለ መጠጣት ጀመረ። ንጉሡ ግን ጠጅ ሞልቶታል፣ ምን ቸገረው? ይልቅ አንድ ነገር ደስ አሰኘው። ሦስቱን በቀቀኖች ወስዶ ትምህርት ቤቱ ጣሪያ ላይ አስቀመጣቸው። ከጠዋት እስከ ማታ ያነባሉ። አይደናቀፉም። ምሳ አይጠይቁም። አይሰለቻቸውም። ከሁሉ በላይ ደግሞ «ለምን?» አይሉም።

«የኔታ፣ ልጆቹ ከበፊቱ በምን ተለዩ?» አለ ንጉሡ።

የኔታ ብዙ አሰቡ። «በላባ ብቻ፣ ጃንሆይ» አሉ።

«እንግዲያውስ ምን ይጎዳናል? ነገ ክፍሉ በሙሉ ይሰለፍ። ሁሉም እንዲህ ጥርት አድርጎ ያንብብልኝ!»

ወይዘሮ ስንቅነሽ ይህን አልሰማችም። ለልጇ ቆሎ ቋጥራ ትምህርት ቤቱ ጣሪያ ሥር ቆማ ነበር።

«ይርዳውዬ፣ አልራበህም?» አለች።

«ተቀመጥ። ቆሞ ያነበበኝ በቀቀን ይሁን» አላት ቢጫው በቀቀን።

«እኔ ነኝ፣ እናትህ። አታውቀኝም?»

«ይህን ድንጋይ የምታነብ ሆይ!» አላት።

ወይዘሮ ስንቅነሽ መሬት ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ንጉሡ ከሰገነቱ ላይ «እንዴት ያለ ንባብ ነው!» ይላል።

አትጠገብ ይህን ሁሉ አየች። ነገ ተራው የሷ ነው። እሷም በቀቀን ከሆነች ለእናቷ «እማዬ» የሚላት ልጅ አይተርፍም። ከትምህርት ቤቱ ጓሮ ሄዳ ተንሰቀሰቀች። እዚያ የትምህርት ቤቱን መጻሕፍት የሚያመላልሰው አህያ ሣር ይግጣል።

«አንቺ ልጅ፣ ምን ያስለቅስሻል?» አለ አህያው።

አትጠገብ ደነገጠች። «አህያ ይናገራል?» አለች።

«በቀቀን ጎበዝ ተማሪ በሚባልበት አገር አህያ ቢናገር ምን ይገርምሻል?»

አትጠገብ የሆነውን ሁሉ ነገረችው። አህያው ጆሮውን አራገበ።

«የየኔታን መጻሕፍት ዕድሜ ልኬን ተሸክሜያለሁ» አለ። «እኔ በጀርባዬ፣ እነሱ በምላሳቸው። ወደ ውስጥ ያለፈለት የለም። ቢሆንም በአንድ ነገር እበልጣቸዋለሁ። እስቲ ‹ሂድ› በዪኝ።»

«ሂድ» አለችው። ሄደ።

«‹ቁም› በዪኝ።»

«ቁም» አለችው። ቆመ።

«አየሽ? ቃሉ ያለኝን ሰማሁ፣ ያለኝንም አደረግሁ። ወንድምሽ ቢሆን ‹ቁም፣ ቁም፣ ቁም› እያለ በሚያምር ዜማ ገደል ይገባ ነበር። አሁን ንገሪኝ፣ ድንጋዩ ምን አለ?»

አትጠገብ ወንድሟ ጣሪያው ላይ ሆኖ የሚደጋግመውን ቃል አንድ በአንድ አስታወሰች። ከዚያ ለቅሶዋን አቆመች። አህያውም ሣሩን መጋጥ ቀጠለ።

በማግስቱ ክፍሉ በሙሉ ምንጩ ዳር ተሰለፈ። ንጉሡ ዙፋኑ ላይ ነው። ሦስቱ በቀቀኖች ደግሞ በአሽከሮች ትከሻ ላይ ናቸው፣ ለአርአያነት። አትጠገብ ወደ መምህሯ ጠጋ አለች።

«የኔታ፣ ድንጋዩ ተቀመጥ ይላል» አለች።

«እናውቃለን። ሦስት ልጆች አንብበውልናል» አሉ የኔታ።

«እንግዲያው እንቀመጣ!»

«ንጉሥ ፊት? አብደሻል? ማንበብ ሌላ፣ መቀመጥ ሌላ!»

«እሺ፣ እኔ ልቅደም» አለች።

የኔታ ደስ አላቸው። የክፍሉ ጭራ በቀቀን ብትሆን ንባቧ ይስተካከላል ብለው አሰቡ። አትጠገብ ድንጋዩ ፊት ቀረበች። በጣቷ እየተከተለች ማንበብ ጀመረች።

«ይህን... ድንጋይ... የምታነብ ሆይ...»

ሕዝቡ አጉረመረመ። ንጉሡ አዛጋ።

«...ተቀመጥ» አለችና ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ መሬት ላይ ቁጭ አለች።



«በፊቴ ተቀመጠች!» ብሎ ንጉሡ ጮኸ። ዘበኞቹ ሰይፍ መዘዙ።

አትጠገብ ከተቀመጠችበት ሳትነሳ ቀና አለች። «ጃንሆይ፣ እኔ ደፍሬ አይደለም። ድንጋዩ ነው ተቀመጥ የሚለው» አለች።

ንጉሡ ወደ የኔታ ዞረ። «ይላል እንዴ?»

«ይላል፣ ጃንሆይ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ሦስት ቀን ሙሉ ሲነበብልዎ ነበር፣ ጃንሆይ።»

 ዘበኞቹም ሰይፋቸውን የት እንደሚያደርጉት ግራ ገባቸው። አትጠገብ እንደተቀመጠች የቀረውን አንብባ ጨረሰች። ጭራቁ «እፍ!» አለባት። ምንም አልሆነችም። «እፍ!» አለባት። የንጉሡ ዣንጥላ በረረ። «እፍ!» አለባት። የየኔታ ጥምጥም ተፈታ። አትጠገብ አሁንም አትጠገብ ናት።

«አነበብሽ» አለ ጭራቁ፣ ጥርሱን እያፋጨ። «ምንጩን እለቃለሁ። ወፎቹ ግን የኔ ናቸው። እነሱን ከፈለግሽ ድንጋዩ ላይ ጻፊ። ከማንም ያልገለበጥሽው፣ ከራስሽ ያመነጨሽው አንድ ዐረፍተ ነገር ይሁን። የተገለበጠ ነገር ድንጋዩ አይቀበልም። ካልቻልሽ ክፍሉን በሙሉ እወስዳለሁ።»

ምንጩን እለቃለሁ አለ እንጂ አልተነሳም። ይህን ማንም ልብ አላለውም። አትጠገብ ግን ልብ አለችው።

«ጽሕፈት ለኔ ተዉት!» ብለው የኔታ ዘለው ገቡ። ከኪሳቸው ጠመኔ አወጡ። እጅ ጽሑፋቸው ያምራል፣ መቼም አይካድም። «የአገራችን ወንዞች ብዙ ናቸው። ወንዞቻችን ወደ ታች ይፈሳሉ» ብለው ጻፉ። ከግርጌው «እንዳይጠፋ» ብለው አሰመሩበት። ጠመኔውን ሳያስቀምጡ ፊደሎቹ እንደ ጤፍ ረገፉ። «እንዳይጠፋ» የሚለውም ጠፋ።

«ይህንንስ አያቴም ገልብጦታል!» ብሎ ጭራቁ ሳቀ። እንደተቀመጠ።

አትጠገብ ጠመኔውን ያዘች። ወዲያው አልጻፈችም። ዓይኗን ጨፈን አደረገች። የኔታ «ፈጠን በዪ!» አሏት፤ አልሰማቻቸውም። ጭራቁ ከመጣ ጀምሮ ፀሐይ ቢያቃጥለው፣ ዝንብ ቢወረው ከቦታው አልተነቃነቀም። ለምን? አሰበች፣ አሰበች። ከዚያ ከድንጋዩ ጀርባ ዞረች። ዝቅ ብላ፣ ከታች፣ ደቀቅ ባለ ፊደል አንድ ዐረፍተ ነገር ጻፈች። ፊደሎቹ አልረገፉም።

«ምን ብለሽ ጻፍሽ?» አለ ጭራቁ።

«አንብበው።»

«አንቺ አንብቢልኝ!»

«እኔማ ጻፍኩት። አሁን ተራው ያንተ ነው። ወይስ አንተም እንደ ክፍላችን ልጆች ካልተነበበልህ አታነብም?»

ጭራቁ ወደ ግራ ዘመም አለ። አልታየውም። ወደ ቀኝ ዘመም አለ። አልታየውም። አንገቱን ሰገግ አደረገ። ድንጋዩ ከለከለው። ሕዝቡ መሳቅ ጀመረ። ከሁሉ በላይ ያበሳጨው ይህ ነው።

«እኔ ነኝ ማንበብ የማልችለው?» ብሎ ብድግ አለ። ከተቀመጠበት ሥር ውኃው ቧ ብሎ ወጣ። ጭራቁ ከድንጋዩ ጀርባ ዞሮ ጎንበስ አለና ምድር እስክትንቀጠቀጥ ጮኾ አነበበ።

«ጭራቁ ለምን ከተቀመጠበት እንደማይነሳ እኔ ዐውቃለሁ።»

የመጨረሻው ቃል ላይ ሲደርስ ነገሩ ገባው። ግን ምን ዋጋ አለው? ቆሞ አንብቦታል። ያ ጎጆ ቤት የሚያህል ጭራቅ ተኮማተረ፣ ላባ አወጣ፣ ዶሮ የምታህል ግራጫ በቀቀን ሆነ። «እኔ ዐውቃለሁ! እኔ ዐውቃለሁ!» እያለ በረረ።

አስማቱም አብሮት ሄደ። ሦስቱ በቀቀኖች እዚያው አሽከሮቹ ትከሻ ላይ እንዳሉ ልጆች ሆኑ። የቢትወደዱ ልጅ ወፍራም ስለነበር የተሸከመው አሽከር እስከ ዛሬ ወገቡን ያመዋል።

ወይዘሮ ስንቅነሽ ሮጣ ይርዳውን አቀፈችው። «ልጄ፣ ምን ሆነህብኝ ነበር?» አለችው። ይርዳው አፉን ከፈተ። በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ቃል እየመረጠ፣ ቀስ እያለ ተናገረ።

«ፈርቼ ነበር፣ እማዬ» አለ። «ስታለቅሺ አየሁሽ። ቃሉ ሁሉ አፌ ላይ ነበር። ‹እማዬ› የሚለውን ግን ባወጣው ባወጣው እምቢ አለኝ።»

እናትየው ከዚህ በላይ ጥሩ ንባብ ሰምታ አታውቅም።

ንጉሡስ? ንጉሡም ትምህርት ወሰደ። ወዲያው አዋጅ አስነገረ። «ስማ፣ ያልሰማህ አሰማ! ከዛሬ ጀምሮ በአገሬ ሁሉ ንባብ በመቀመጥ ይሁን! ቆሞ የሚያነብ ይገረፍ!» አለ። የኔታም ወደ ክፍላቸው ተመለሱና ልጆቹን አስቀመጧቸው። «ንባብ በመቀመጥ ነው!» አሉ። ለምን በመቀመጥ እንደሆነ የጠየቀ ኩርኩም ቀመሰ። ግራጫው በቀቀንም እዚያው ረዳት መምህር ሆኖ ተቀጥሯል አሉ። «እኔ ዐውቃለሁ!» ስለሚል ንጉሡ በጣም ወዶታል።

አትጠገብ ግን ምንጩ ዳር፣ ዛፍ ጥላ ሥር፣ የመጡላትን ልጆች ታስተምር ጀመር። አንድ መስመር ያነባሉ። መጽሐፉን ይከድናሉ። «ምን አለ? እውነት ነው? አንተ ብትሆን ምን ታደርጋለህ?» ትላቸዋለች። ከዚያ እያንዳንዱ የራሱን መስመር ይጽፋል። የመጀመሪያው ተማሪ ይርዳው ነበር። አንድ ገጽ ለመጨረስ ግማሽ ቀን ይፈጅበታል፤ የሚጠይቀው ነገር በዛ።

ልጆቼ፣ ምክሩ ይህ ነው። ሳይገባ መጮኽ ንባብ አይደለም። የሰው ቃል መገልበጥም ጽሕፈት አይደለም። ያነበባችሁትን አስቡት፤ የጻፋችሁትም የራሳችሁ ይሁን። ያለዚያ ላባ ብቻ ነው የሚቀራችሁ።

ተረቴን በገዛ ቃላችሁ ለሌላ መልሱ፤ የኔን አፍ ደግሞ በበቆሎ እሸት አብሱ።